የእድራችን ላፕቶፕ ከዊንዶውስ 10 ወደ 11፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ኅዳር 4 ቀን 2018፣ ሐሙስ ማታ

ላፕቶፑ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ1 ነው። ኢንቴል ኮር አይ5 4300ዩ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ አለው። ፕሮሰሰሩ በፈረንጆቹ 2013 የወጣ፣ አራተኛ ትውልድ የሚባለው ነው። ንብረትነቱ የእድራችን ነው። አራት ኪሎ ባለችው ቢሯችን ጸሐፊው ይሠሩበታል።

ላፕቶፑ ምንም አልሆነም። ጊዜው ያለፈበት ዊንዶውስ 10 ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን የደህንነት አፕዴት ጥቅምት 4 ቀን 2018፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። ኮምፒውተሩ እንደ በፊቱ ይነሣል፣ ይሠራል። ከዚያ ቀን በኋላ የሚገኝ የደህንነት ቀዳዳ ግን የሚደፍነው የለም። ውስጡ ያለው ደግሞ የአባላት ስም፣ ስልክ ቁጥር፣ የቤተሰብ ዝርዝርና የመዋጮ ሒሳብ ነው።

ይህ መዝገብ ዛሬ ከድሮው የበለጠ ያስፈልገናል። ድሮ ሰው ሲያርፍ ጥሩምባ ይነፋል፣ ሁሉም ሰፈሩ ውስጥ ስላለ ይሰማል። ከ2016 ወዲህ ፒያሳና አራት ኪሎ ዙሪያ በመልሶ ማልማቱ ብዙ ቤት ሲነሣ አባሎቻችን ወደ ከተማው ዳር ዳር ሄደዋል። እድሩን ግን አልተዉም። መርዶም ሆነ የስብሰባ ጥሪ አሁን የሚደርሳቸው በስልክ ነው። ያ የስልክ ዝርዝር ያለው እዚህ ላፕቶፕ ላይ ነው።

ዛሬ ጸሐፊያችን ጠሩኝ። «ልጄ፣ ይኼ ዕቃ ስከፍተው ሁሉ ጊዜው አልፏል እያለ ይጽፍብኛል። አዲስ እንግዛ እንዳልል ካዝናውን ታውቀዋለህ። ምን ይሻላል?» አሉኝ። «ግድ የለም ጋሼ፣ ለጥቂት ቀን እኔ ጋ ይደር» ብዬ ይዤው መጣሁ።

ማታ ቁጭ ብዬ አማራጮቹን አየሁ። ዊንዶውስ 10 ላይ ትንሽ መቆየት ይቻላል። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 የሚዘልቅ የተራዘመ አፕዴት አዘጋጅቷል፤ ወይ 30 ዶላር መክፈል ነው፣ ወይ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ ሴቲንጉን ባክአፕ በማድረግ በነፃ ማግኘት ነው። ጊዜ ይገዛል እንጂ ነገሩን አይጨርሰውም፤ በዓመቱ እዚሁ ጥያቄ ላይ እንመለሳለን። ሊኑክስ ሚንት፣ ማለትም በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም፣ ሌላው አማራጭ ነው። ቤቴ የምሠራው በእሱ ነው፣ በጣም እወደዋለሁ። ብሮውዘርና ቴሌግራም ብቻ ለሚበቃው ሰው መጀመሪያ የምመክረው እሱን ነው። የእድሩ ሥራ ግን ኤክሴልና የግዕዝ መጻፊያ ፕሮግራም ላይ ነው። ጸሐፊ ደግሞ በምርጫ ይቀየራል፤ ነገ የሚመረጡት ሰው የሚያውቁት ዊንዶውስ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚችለው ኮምፒውተር ለጋራ ማኅበር አይሆንም። ስለዚህ ዊንዶውስ 11።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ኮምፒውተሩ ለዊንዶውስ 11 ይበቃ እንደሆነ የሚመረምረውን የማይክሮሶፍት ፕሮግራም፣ ፒሲ ሄልዝ ቼክን፣ አስኬድኩት። እንደጠበቅሁት አይሟላም አለ። ከጠቀሳቸው የሚከብዱት ሁለት ናቸው፤ ፕሮሰሰሩና ቲፒኤሙ።

ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ከስምንተኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው። ከሰባተኛው በጣት የሚቆጠሩ ተፈቅደዋል። ቲፒኤም ደግሞ የምስጢር ቁልፎችን የሚይዝ ቺፕ ነው። የሚፈለገው 2.0 ነው፤ የእኛው 1.2 ነው። ሌላው ሁሉ አለው። ዩኢኤፍአይ የሚባለው አዲሱ የማስነሻ ሥርዓት አለው፣ ያልታመነ ማስነሻ የሚያግደው ሴኪዩር ቡት አለው፣ ራሙ ዝቅተኛውን 4 ጊጋ ያሟላል፣ ዲስኩም ከሚፈለገው 64 ጊጋ በላይ ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱን «አይችልም» መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የመመሪያ ነው። ጫኙ ፕሮግራም ዝርዝሩን አይቶ «አንተ የለህበትም» ብሎ ይመልሳል እንጂ ፕሮሰሰሩ ሥራው አቅቶት አይደለም። ይህ ይታለፋል። ሁለተኛው የብረቱ ነው። 24ኤች2 ከሚባለው እትም ወዲህ ዊንዶውስ 11 ኤስኤስኢ 4.2 እና ፖፕካውንት የሚባሉ የፕሮሰሰር ትእዛዞችን የግድ ይፈልጋል። እነዚህ ከሌሉ በምንም ብልሃት አይነሣም። ኮር 2 ዱዎ ያላቸው አሮጌ ላፕቶፖች እዚህ ላይ ያበቃላቸዋል፤ ለእነሱ ሊኑክስ ነው መንገዱ። ኮር አይ3፣ አይ5 እና አይ7 ግን ከመጀመሪያው ትውልድ ጀምሮ ሁለቱም አላቸው። የእኛው አራተኛ ትውልድ ስለሆነ በዚህ በኩል አያሰጋም።

መመሪያው ግን ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ዊንዶውስ 11 ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የሚባል መከላከያ አለው። ጎጂ ድራይቨር የሲስተሙ ልብ ውስጥ እንዳይገባ ይጠብቃል። አዳዲስ ፕሮሰሰሮች ይህን የሚያቀል ነገር ብረታቸው ውስጥ ተሠርቶላቸዋል። የድሮዎቹ በሶፍትዌር ማስመሰል ስላለባቸው ይከብዳቸዋል። ስለዚህ እኛ ላፕቶፕ ላይ አጠፋዋለሁ። አንድ መከላከያ ቀነሰ ማለት ነው፤ ይህን ለኮሚቴው በግልጽ መናገር አለብኝ። አፕዴት ከሌለው ዊንዶውስ 10 ጋር ሳወዳድረው ግን አሁንም ይሻላል።

ባትሪውንም አየሁት። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል። ከፋብሪካ ሲወጣ 50 ዋት ሰዓት ይይዝ የነበረው አሁን 30 አካባቢ ነው የሚይዘው። በእኛ መብራት ላይ ዊንዶው ለሚጭን ሰው ይህ ከብዙ ነገር በላይ ያሳስባል። ይበቃናል።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ጠዋት መርካቶ ወረድኩ። ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ)፣ 256 ጊጋ፣ ገዛሁ። ከአንድ ፍሬ 4 ጊጋ ራም ጋር። ከሁለቱ የራም ማስገቢያዎች አንዱ ባዶ ስለሆነ በድምሩ 8 ይሆናል። በ4 ጊጋ ዊንዶውስ 11 ይነሣል፤ ኤክሴልና ብሮውዘር አብራችሁ ስትከፍቱ ግን ያቃስታል።

ራም ስትገዙ ዓይናችሁን ክፈቱ። ይህ ላፕቶፕ የሚፈልገው በ1.35 ቮልት የሚሠራውን ዲዲአር3ኤል ነው። በ1.5 ቮልት የሚሠራው ዲዲአር3 በቅርጽ አንድ ነው። ማስገቢያው ውስጥ ልክክ ብሎ ይገባል። ኮምፒውተሩ ግን አይነሣም። የሚለያቸው ስቲከሩ ላይ ያለች ፊደል ናት፤ «ፒሲ3» ከሚለው ቀጥሎ «ኤል» መኖር አለባት። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ያለው ልጅ «ሁሉም አንድ ነው ወንድሜ» ብሎ ኤል የሌለውን አወጣልኝ። አመስግኜ ወጣሁ፤ ሁለት በር አልፌ ትክክለኛውን አገኘሁ።

ከሰዓት በኋላ ባክአፕ። የዚህ ሥራ ዋናው ክፍል ይህ ነው፤ ዊንዶውን መጫኑ ቀላሉ ነው።

በእኛ ከተማ «ዊንዶው ጫንልኝ» ሲባል የተለመደው ሲ ድራይቩን ፎርማት አድርጎ ዲ ላይ ያለውን መተው ነው። ብዙ ሰው ግን ፋይሉን የሚያስቀምጠው ዴስክቶፕ ላይ ነው። ዴስክቶፕ ሲ ላይ ነው። ዶክመንትስም ሲ ላይ ነው። ዳውንሎድስም፣ ፎንቱም እዚያው ነው። ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንት የሠርግ ፎቶ በዚህ መንገድ ጠፍቷል! ሰው ቆይቶ ነው የሚያውቀው፤ ያኔ ደግሞ በላዩ ላይ ተጽፎበታል።

ስለዚህ የያዝኩት መንገድ አሮጌውን ዲስክ አለመንካት ነው። ፎርማት አላደርገውም፣ አልከፋፍለውም። እንዳለ ይወጣል፣ በቦታው አዲሱ ኤስኤስዲ ይገባል። አንድ ነገር ቢበላሽ አሮጌውን መልሼ ገጥሜ ጸሐፊው ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ኤስኤስዲ መግዛት ለፍጥነቱ ብቻ አይደለም፤ ይህንንም ይሰጣል። ከዚህ በተጨማሪ የእድሩን ፎልደር በሙሉ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገለበጥኩ። የመዝገቡን ኤክሴልና የመተዳደሪያ ደንቡን ደግሞ ለብቻ ፍላሽ ላይ አስቀመጥኩ። ኮፒ ሆኗል ብዬ አልተውኩም፤ ፋይሎቹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፈትኳቸው።

ከፋይል ሌላ የሚረሱ ነገሮች አሉ። አንዱ ፎንት ነው። የፎንት ፎልደሩን እንዳለ ወሰድኩት፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ይመጣል። ሌላው የፕሪንተር ድራይቨር ነው። ቢሯችን ያለው ፕሪንተር ኤችፒ ሌዘርጄት 1020 ነው። ይህ ፕሪንተር የራሱን ፕሮግራም ውስጡ አያስቀምጥም። በተከፈተ ቁጥር ከኮምፒውተሩ ነው የሚጫንለት። ድራይቨር ከሌለ መብራቱ ይበራል፣ ወረቀት ግን አያወጣም። ድራይቨሩን አስቀድሜ አውርጄ ያዝኩ።

ቅዳሜ ማታ

የዊንዶውስ 11 ፋይል፣ 25ኤች2 የተባለውን እትም፣ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ አወረድኩ። ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ በሞባይል ዳታ የምትሞክሩ ሰዎች ፓኬጃችሁን አስቡበት። ሲጨርስ ማይክሮሶፍት ከሚያወጣው የማረጋገጫ ቁጥር ጋር አመሳከርኩት። ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ያመሸ ፋይል ሙሉ መስሎ የጎደለ ሊሆን ይችላል።

ቡተብል ፍላሹን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የሚነሣበትን ፍላሽ፣ የሠራሁት ሩፈስ በሚባል ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ትንሽ ነው፣ መጫን እንኳን አያስፈልገውም። ፍላሹን መርጣችሁ፣ ፋይሉን ሰጥታችሁ ስታርት ስትሉ አንድ መስኮት ይመጣል። የ4 ጊጋ ራም፣ የሴኪዩር ቡትና የቲፒኤም 2.0 ግዴታ ይነሣ ወይ ይላል። አዎ። የማይክሮሶፍት አካውንት ግዴታ ይነሣ ወይ ይላል። አዎ። እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ለሚሠራው የአካባቢ አካውንት ስም ስጡ ይላል፤ «እድር» ብዬ ልጽፍ ነበር፣ የተጠቃሚ ስም በላቲን ፊደል ቢሆን አንዳንድ አሮጌ ፕሮግራም አይቸገርም ብዬ በላቲን ጻፍኩት። ቢትሎከር በራሱ እንዳይጀምር የሚለውንም መረጥኩ።

ቢትሎከር ዲስኩን የሚቆልፍ ነው። ለግል ላፕቶፕ ብትጠይቁኝ አብሩት እላለሁ። ጸሐፊ በሚቀያየርበት ማኅበር ግን የመክፈቻ ቁልፉ የሆነ ቀን ይጠፋል፤ ያኔ የአባላት መዝገብም አብሮ ይጠፋል። እዚህ የመረጥኩት የኤክሴል ፋይሉን በፓስዎርድ መዝጋትና ላፕቶፑን ቢሮው ካቢኔ ውስጥ መቆለፍ ነው።

የዲስክ ክፍፍሉን ጂፒቲ፣ ማስነሻውን ዩኢኤፍአይ አደረግሁ። ሩፈስ ፍላሹን ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው የፋይል አቀማመጥ ያዘጋጀዋል። ፋት32 የሚባለው ሌላው አቀማመጥ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ የዊንዶው ዋናው ፋይል ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ፍላሽ ላይ ፋይሎቹን በእጅ ጎትተው የሚገለብጡ ሰዎች «ፋይሉ ትልቅ ነው» እየተባሉ የሚቸገሩት በዚህ ነው።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ከቅዳሴ መልስ ጀመርኩ። ቻርጀሩን ነቀልኩ፣ ላፕቶፑን ገለበጥኩ። 840 ጂ1 በዚህ ይወደዳል፤ ከሥር ያለው ክዳን ያለ ካቻቪቴ ይከፈታል። መቀርቀሪያውን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ክዳኑን መሳብ ነው። ባትሪው፣ ራሙ፣ ዲስኩ፣ ማራገቢያው ሁሉም ፊት ለፊት ይታያል። የዛሬዎቹ ላፕቶፖች እንዲህ አይደሉም፤ ራማቸው ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ብዙ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ መጣል የማይገባው ለዚህ ነው።

ባትሪውን አወጣሁ። ማራገቢያው ላይ አቧራው እንደ ጥጥ ተደርቦ ነበር፤ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግሁት። ራሙን ማስገቢያው ውስጥ አዘንብዬ አስገብቼ ወደ ታች ስጫነው ሁለቱ ክንፎች ቀጭ ብለው ያዙት። የዲስኩን ብሎኖች ፈታሁ፤ እዚህ ላይ ነው ካቻቪቴ ያስፈለገው። አሮጌው ዲስክ ወጣ። ላዩ ላይ በፓርከር «የእድር መዝገብ፣ አይነካም፣ ኅዳር 2018» ብዬ ጽፌ ለብቻ አስቀመጥኩት። ኤስኤስዲው ገባ።

ቻርጀር ሰካሁ። ባዮስ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ሴቲንግ ውስጥ ለመግባት ኤፍ10። የማስነሻ ዓይነቱ ሌጋሲ በሚባለው አሮጌው ላይ ነበር፤ ዱሮ ዊንዶውስ 7 ተጭኖበት ስለነበር ይመስለኛል። ይህ ባዮስ ሦስት ምርጫ አለው፤ ሌጋሲ፣ ሁለቱንም የሚያቅፈው ዩኢኤፍአይ ሃይብሪድ እና ንጹሑ ዩኢኤፍአይ ኔቲቭ። ኔቲቩን መረጥኩ። ቀኑንና ሰዓቱንም አይቻለሁ፤ የባዮስ ባትሪ ሲደክም ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ያኔ አክቲቬሽንም አፕዴትም ይሰናከላል። የእኛው ደህና ነው።

ኤፍ9 ነክቼ ከፍላሹ አስነሣሁት። ገና ወደ ዲስክ መምረጫው ሳልደርስ አዲሱ ጫኝ «ፋይሎቼ፣ ፕሮግራሞቼና ሴቲንጎቼ በሙሉ እንደሚጠፉ እስማማለሁ» የሚል ሳጥን ላይ ምልክት አድርግ አለኝ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ እጁ ይንቀጠቀጣል። ላፕቶፑ ውስጥ ያለው ግን ባዶው ኤስኤስዲ ብቻ ነው። የእድሩ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። በሙሉ ልብ ምልክት አደረግሁ። ቁልፍ ሲጠይቀኝ ቁልፍ የለኝም የሚለውን፣ እትም ሲጠይቀኝ ከበፊቱ ጋር አንድ የሆነውን ፕሮን መረጥኩ። ስለ ቲፒኤምም ስለ ፕሮሰሰርም ምንም አልጠየቀኝም።

ፋይሉን እየገለበጠ ግማሹን እንዳለፈ መብራት ሄደ። የሰፈሩ ጀነሬተሮች እስኪነሡ ቤቱ ጸጥ አለ። ላፕቶፑ ግን መቶኛውን መቁጠሩን ቀጠለ። ዓርብ ባትሪውን ያየሁት ለዚህ ነው። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ላይ የምትሠሩ ከሆነ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዝ ዩፒኤስ ሳይኖር አትጀምሩት። ዋይፋዩም አብሮ ጠፍቷል፣ እሱ ግን ምንም አይለውጥም፤ ዋናው ነገር ሁሉ ፍላሹ ላይ ነው። እንዲያውም አካውንት መክፈቻው ላይ እስክደርስ ኢንተርኔት እንዲያገኝ አልፈልግም ነበር። ኢንተርኔት ካገኘ ወደ ማይክሮሶፍት አካውንት ሊወስደኝ ይፈልጋል።

መብራት ሳይመለስ ዴስክቶፑ መጣ።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ዋይፋይ አገናኘሁት። መጀመሪያ ያየሁት አክቲቬሽኑን ነው። ዊንዶውስ 10 በሕጋዊ ዲጂታል ላይሰንስ አክቲቬት ሆኖ ነበር። ላይሰንሱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ዲስክ ቢቀየርም 11 ላይ በራሱ ተቀበለው።

ላይሰንስ የሌላቸው ብዙዎች የሚሄዱበትን መንገድ አውቀዋለሁ። አክቲቬተር የሚባል ክራክ አውርዱ፣ መጀመሪያ ዲፌንደሩን፣ የዊንዶውስን የራሱን የቫይረስ ጠባቂ፣ አጥፉ ይባላሉ። እባካችሁ አታድርጉት። የማታውቁትን ፕሮግራም፣ ጠባቂውን አስወጥታችሁ፣ ሙሉ ሥልጣን ሰጥታችሁ እያስገባችሁ ነው። አክቲቬት ያልሆነ ዊንዶውስ ጥግ ላይ ጽሑፍ ያሳያል፣ ዎልፔፐር አያስቀይርም፤ የደህንነት አፕዴት ግን ያገኛል። የሰው ስልክና ስም ባለበት ኮምፒውተር ላይ ያ ጽሑፍ ቢኖር ይሻለኛል።

አፕዴቱ አብዛኛውን ድራይቨር ይዞ መጣ። የስክሪኑ፣ የድምፁ፣ የዋይፋዩ፤ ለዊንዶውስ 10 የተሠሩት ናቸው፣ 11 ላይ ይሠራሉ። ዲቫይስ ማኔጀር ላይ አንድ ቢጫ ምልክት ቀረ። መለያ ቁጥሩ በኤች፣ ፒ፣ ኪው ይጀምራል። ይህ ኤችፒ ሃርድ ዲስኩን ከመውደቅ ለመጠበቅ ያደረገው ሴንሰር ነው። ላፕቶፑ ሲወድቅ አውቆ የዲስኩን ማንበቢያ ከሚሽከረከረው ክፍል ላይ ያነሣል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ድራይቨሩ ባይኖርም አይጎድልብንም፤ ቢጫዋን ለማጥፋት ብቻ ከኤችፒ አውርጄ ጫንኩት።

ሜሞሪ ኢንተግሪቲ ጠፍቶ ነው ያገኘሁት፣ እንዳለ ተውኩት። ባዮስ ተመልሼ ገብቼ ሴኪዩር ቡትን አበራሁ። ይህ ባዮስ ለውጡን ዝም ብሎ አይቀበልም። ስትነሡ ጥቁር ስክሪን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ያሳያችኋል። እሱን ጽፋችሁ ኢንተር ስትሉ ነው የሚጸድቀው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ የቀረ መስሏችሁ አትደንግጡ።

ፍጥነቱን ልናገር። በፊት ጸሐፊው ከፍተውት ቡና ሊያፈሉ ይነሡ ነበር። አሁን ወንበራቸውን ሳያስተካክሉ ፓስዎርድ ይጠይቃቸዋል። ይህ የዊንዶውስ 11 ሥራ አይደለም፤ የኤስኤስዲውና የራሙ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ መቆየት የመረጣችሁም ቢሆን ኤስኤስዲውን ግዙ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ዛሬ ፎንት ላይ ዋልኩ።

የመተዳደሪያ ደንቡን ከፈትኩት። ማኅተም ያረፈበት፣ አባላት ተሰብስበው ያጸደቁት ደንብ ነው። ስክሪኑ ላይ የመጣው ግን የላቲን ፊደል፣ ቅንፍ፣ የዶላር ምልክትና ነጥብ የተቀላቀለበት ነው። አንድም አማርኛ የለም። ፋይሉ አልተበላሸም። ደንቡ የተጻፈው በድሮው የግዕዝ ፕሮግራም ነው። ግዕዝ ወደ ዩኒኮድ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ በእኛ አገር ደግሞ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ ፕሮግራሞቹ የላቲን ፊደላቱን ቦታ ወስደው በላያቸው ላይ የግዕዝ ቅርጽ ይሥሉ ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲኑን ነው። ቅርጹን የሚሰጠው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ ከሥር ያለው ይወጣል።

ቅዳሜ የያዝኩትን የፎንት ፎልደር ከፈትኩ። የግዕዞቹን መርጬ በቀኝ ክሊክ ለሁሉም ተጠቃሚ ጫን የሚለውን ነካሁ። ዎርዱን ዘግቼ ከፈትኩት። «አንቀጽ 1፣ ስያሜ» ብሎ ቁልጭ ያለ አማርኛ መጣ።

በየሰፈሩ «ዊንዶው ተቀይሮ ፋይሌ ተበላሸ» እያሉ ደንብና ቃለ ጉባኤ የጣሉ ማኅበራት እንዳሉ አውቃለሁ። አትጣሉ። ፎንቱን ፈልጉ።

ፎንት ማዳን ግን ለዛሬ ነው። ወደ ዩኒኮድ መቀየር አለበት፤ አለዚያ ስልክ ላይ ተልኮ አይነበብም፣ ፍለጋም አይሠራም። ደንቡን በመቀየሪያ ፕሮግራም አሳለፍኩት። ከዚያ ጋሼ የታተመውን ይዘው፣ እኔ ስክሪኑን እያየሁ አንቀጽ በአንቀጽ አነበብነው። አራት ነጥቡ አንዳንድ ቦታ ወደ ሌላ ምልክት ተለውጦ ነበር፣ አስተካከልነው። ሰነድ ሲቀየር እንዲህ በሁለት ሰው ካልተነበበ አላምነውም።

ለአዲሱ ጽሑፍ የዊንዶውሱን የራሱን የአማርኛ ኪቦርድ ጨመርኩ፤ ቋንቋ ጨምር ብሎ አማርኛን መምረጥ ብቻ ነው። ኢብሪማ የሚባለው ፎንት ግዕዝን ይይዛል፣ አብሮ ይመጣል። ኒያላን የለመዳችሁ ግን ሳይኖር ስታዩ አትገረሙ። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ በኦፕሽናል ፊቸር ውስጥ ነው የተቀመጠው፤ ከዚያ ታወርዱታላችሁ። ጋሼ የለመዱት የግዕዝ ፕሮግራምም ተጭኗል። በዚህ ዕድሜ የጣት ልማድ አላስቀይራቸውም።

ኤክሴሉን ስከፍት ሌላ ነገር አየሁ። የስሞቹ ዝርዝር በፊደል ተራ ሲደረደር አንዱ ቤተሰብ ሦስት ቦታ ይወድቃል። አንዱ ኃይሉ፣ አንዱ ሐይሉ፣ አንዱ ሀይሉ ተብሎ ተጽፏል። ለኮምፒውተሩ ሦስቱ የተለያዩ ስሞች ናቸው። የሰው ስም አጻጻፍ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ስለሆነ አልነካሁትም። በምትኩ ለእያንዳንዱ አባል የአባልነት ቁጥር ያለበት ዓምድ ፊት ላይ አመጣሁ፤ ፍለጋው በቁጥር ወይም በስልክ ይሁን ተባባልን። የቀኑ ዓምድ ደግሞ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ተራ ጽሑፍ ሆኗል። ኤክሴል የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። 28/2/2018 ሲጻፍለት የፈረንጅ ፌብሩዋሪ መስሎት ይቀበላል። 30/2/2018 ሲጻፍ ግን ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ጽሑፍ ያደርገዋል። ጥቅምት 30 ለእኛ ደህና ቀን ነው። ዓምዱን በሙሉ ጽሑፍ አድርጌ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በሚል ተራ አስተካከልኩት። እንዲህ ሲሆን በትክክል ይደረደራል።

ፕሪንተሩ ድራይቨሩን ሰጥቼው ሠራ። የመጀመሪያዋ ወረቀት የደንቡ ሽፋን ነበረች።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ከስብሰባው በፊት ለኮሚቴው አስረከብኩ። አንድ ገጽ ጽፌ ሰጠኋቸው፤ በቃል የተነገረ ይረሳል። ገጹ የሚለው ይህን ነው። ማይክሮሶፍት ይህን ላፕቶፕ በይፋ አይደግፈውም። አፕዴት እንደሚደርሰው ዋስትና አልሰጠም፤ አንድ ቀን ሊያቋርጥ ይችላል። ወርኃዊ አፕዴቱ መድረሱን በየወሩ ማየት ያስፈልጋል። አዲስ ዓመታዊ እትም ሲወጣ በራሱ ላይመጣ ይችላል፤ እንደገና በፍላሽ መጫን ይኖርበታል። የባንክ ሥራ በዚህ ላፕቶፕ አይሠራም። መዝገቡ በየወሩ መጨረሻ ፍላሽ ላይ ይገለበጣል፤ ፍላሹ ገንዘብ ያዡ ጋ ይቀመጣል።

ሊቀ መንበሩ አንብበው «ዋስትና ከሌለው ለምን ይሄን መረጥን?» ብለው ጠየቁ። ተገቢ ጥያቄ ነው። የነበረው አፕዴቱ ቆሟል፤ ይሄኛው ዛሬ አፕዴት እያገኘ ነው አልኳቸው። አዲስ መግዣ ገንዘብ ሲገኝ አዲስ ይገዛል፤ እስከዚያ አባላትን ለአደጋ አናጋልጥም። አሮጌው ዲስክ ከቃለ ጉባኤ መዝገቦቹ ጋር ካቢኔ ውስጥ ገባ።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

ትናንት የፈረንጆቹ ወር ሁለተኛ ማክሰኞ ነበር። ማይክሮሶፍት ወርኃዊ የደህንነት አፕዴቱን የሚለቀው በዚህ ቀን ነው፤ በእኛ ሰዓት ማታ 3 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ዛሬ ጠዋት ቢሮ ጎራ ብዬ አፕዴቱን ፈተሽኩ። የዲሴምበሩ ወርዷል፣ ተጭኗል፣ ሪስታርት እየጠበቀ ነው። ሪስታርት አደረግሁት፤ በሰላም ተነሣ።

ከዚህ በኋላ የምከታተለው ሁለት ነገር ነው። 25ኤች2 ለሆምና ለፕሮ ድጋፉ የሚቆየው እስከ ጥቅምት 1 ቀን 2020 ነው። ከዚያ በፊት ቀጣዩን እትም በሩፈስ ፍላሽ፣ ፋይሉ ሳይነካ ከላይ መጫን አለብኝ። የሚቀድመው ግን ሌላ ነው። ሴኪዩር ቡት የሚመካባቸው በ2011 እ.ኤ.አ. የወጡ የማይክሮሶፍት ሰርተፊኬቶች ከጁን 2026፣ ማለትም ከሰኔ 2018 አካባቢ ጀምሮ ጊዜያቸው ያልቃል። ማይክሮሶፍት የ2023ቶቹን በአፕዴት እየተካ ነው። ያልተተካለት ኮምፒውተር መነሣቱን አይተውም፤ ለማስነሻው የሚወጣውን አዲስ የደህንነት ጥገና ግን አያገኝም። እንዲህ ባለ አሮጌ ባዮስ ላይ መተካቱን በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ።

ለጋሼ ሰኔ ላይ ላፕቶፑን ለአንድ ቀን እንደምወስደው ነገርኳቸው። «ከ30 በፊት ይሁን» አሉኝ። «የዓመቱን ሒሳብ የምዘጋው ያኔ ነው።»